ጣሪያቸው ተነሥቶ የወረደ ጎጆዎች፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ጓሳ

ደብረ ብርሃን፣ ረቡዕ ጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም.

የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነበርና ላምበረት መናኸሪያ በዓል አክብሮ በሚመለስ ሰው ተጨናንቆ አገኘነው። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ በዘንቢል የተቋጠረ ድፎ ዳቦ፣ በጀሪካን የተረፈ ጠላ። ሚኒባሱ እስከ ደብረ ብርሃን በሰው 65 ብር አስከፈለን። ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፈን 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ስንወርድ ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐዩ ይተኩሳል፤ ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው ግን ይንቀጠቀጣል።

የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ለምን እንደመጣን ስትጠይቀኝ «የእረኛ ጎጆ ፍርስራሽ ለማየት» አልኳት። ደግማ አልጠየቀችኝም፤ መታወቂያዬን ግን ደጋግማ አገላበጠችው።

እኔ ያደግሁት በጎጃም፣ ከጮቄ ግርጌ ነው። አባቴ በልጅነቱ በበጋ ከብት ይዞ ወደ ተራራው ይወጣና እዚያው ጎጆ ቀልሶ ይከርም እንደነበር ሲያወራ እሰማ ነበር። ዛሬ ያ ቦታ ገብስና ድንች ነው። ማረሻው ጅባራ እስከሚበቅልበት ድረስ ወጥቷል፤ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ታች ይወርዳል። አባቴ ያደረበትን የድንጋይ ካብ አራሾቹ ለቅመው የማሳ ድንበር አድርገውታል። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ግን ሣሩ ያልታረሰበት፣ እረኞቹ የሰፈሩበትም ምልክት ያልጠፋበት ጓሳ የሚባል ደጋ አለ ሲሉኝ ባልንጀራዬን ካሜራውን አስይዤ ተነሣሁ።

ደብረ ብርሃንን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከሰማይ ብርሃን ታየባት ብለው እንደቆረቆሯት ይታወቃል። ማታ በጎዳናዋ ለሚሄድ ሰው ግን ከብርሃኑ ይልቅ ብርዱ ነው ጎልቶ የሚታወቀው፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካ ስሟ የተነሣው በከንቱ አይደለም። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር እራታችን ጾም ሆነ። በያይነቱ 45 ብር ነበር። አዲስ አበባ ከምበላው የሚለየው ስልጆው ነበር፤ የባቄላ ዱቄትና ሱፍ ተብላልቶ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ፣ በእንጀራ ጫፍ ትንሽ እየተነካ የሚበላ። አልጋው 250 ብር ሆኖ ሙቅ ውኃ አለው ተብሎልናል። ሙቅ ውኃው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቧንቧው ውስጥ እያጉረመረመ መጣ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኜ ድምፁን ሰማሁትና መልሼ ተኛሁ።

ታርማ በር፣ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ ሐሙስ ጥር 23

የመሃል ሜዳው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ቲኬቱ 80 ብር ነበር። እስከ ታርማ በር የደሴውን አስፋልት ይዘን በሰላም ሄድን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው ዋሻ ዘንድ ሳንደርስ ወደ ግራ ታጠፍን። ዋሻውን ያለፈ ሰው ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ እኛ ደጋው ላይ ቀረን፤ መንገዱም ጠጠር ሆነ። መስኮቱ ተዘግቶ አቧራው እንዴት እንደሚገባ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ግን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጓል።

መዘዞን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰ። ረዳቱ ክሪኩን ቢያቆምም መሬቱ እየዋጠ አስቸገረው፤ ተሳፋሪውም ወርዶ ከክሪኩ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፍለጋ ተበተነ። በመንዝ ድንጋይ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ ችግሩ ጥሩ ጥሩው ሁሉ ካብ ውስጥ መግባቱ ነው። ረዳቱ ከአንድ አጥር ላይ አንዱን መምዘዝ ሲጀምር አንዲት ሴት ከማዶ ጮኸችበት። «ወንድሜ፣ እሱን ካነሣህ በጉ ሁሉ ከክምሬ ላይ ነው!» መልሶ አስቀመጠው። ሴትዮዋ አላመነችም፤ መጥታ በእጇ ነካክታ አየችው፤ የራሷን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጓሮዋ አምጥታ ሰጠችው። ሥራው ሲያልቅ ድንጋይዋን ይዛ ተመለሰች።

ጎማው እስኪቀየር በርኖስ ከደረበ በግ ነጂ ጋር ጨዋታ ያዝን። ዋጋ ስጠይቀው በበትሩ እየጠቆመ ዘረዘረልኝ፤ ሴቷ 1,400፣ ሙክቱ 2,200። የመንዝ በግ ቁመቷ አጭር፣ ላቷ ወፍራም፣ ጠጉሯ ሻካራ ነው። ባናውም በርኖሱም ከእርሷ ጠጉር ይሠራል፤ ለሥጋ ብቻ የሚያረባት ሰው ግማሹን ጥቅም ትቶታል። ጓሳ ላይ ምን እንደምንፈልግ ስነግረው ፊቱ በራ።

«የአባቶቻችን ማደሪያ ነዋ! እኛ አላደርንበትም። አባቴ ግን በጋ በሆነ ቁጥር ትከሻውን የሚያመው እዚያ ባደረበት ብርድ ነው ይል ነበር።»

ሞላሌ ላይ ምሳ በላን። ሐሙስ ስለሆነ ጾም የለም፤ የበግ ጥብስ 110 ብር፣ በሸክላ ምጣድ ፍሙ ላይ እንደተቀመጠ ቀረበ። ስቡ ብዙ፣ ሥጋው ጥቂት ነው ብሎ ባልንጀራዬ ሊያማርር ሲል አስተናጋጇ ሰምታ «ለብርዱ ነው የተሠራው፣ ለእርስዎ አይደለም» አለችው። እንጀራው ከገብስ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ቶሎ የሚያጠግብ። ጤፍ ለምዶ ያደገ ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብደዋል፤ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ግን ብርዱን የሚችለው እርሱ ብቻ እንደሆነ ይገባዋል።

መሃል ሜዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣ ተሸክሞ ጥቂት የተራመደ ሁሉ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አልጋው 150 ብር ነበር፤ ሙቅ ውኃ አለ ያለን ሰው የለም፤ በጎደለው ፈንታ ባለቤቲቱ በአልጋው ላይ ሁለት ባና አነባብራ ሰጠችን። ከባናው ክብደት የተነሣ ሌሊቱን በሙሉ በአንድ ጎን ተኝቼ አደርሁ።

ጓሳ፣ ዓርብ ጥር 24

ጠዋት በጥብቅ ቦታው ጽሕፈት ቤት ክፍያችንን ከፈልንና አንድ ወጣት ጠባቂ ተመደበልን። ፈረስ በቀን 200 ብር ነበር። የእኔ ፈረስ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ገና ከመነሻው እግሬ ሣሩን ይጠርግ ጀመር።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ቆላው በገደል ይቆረጣል። ሣሩ በጉብታ በጉብታ ይበቅላል፤ ፈረሱ በጉብታዎቹ መካከል እግሩን እየመረጠ ይሄዳል። ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ዝናብ የሚከለልበት ጌሳ ይሠራበታል። ውርጩ ሳይቀልጥ ስለደረስን ሜዳው ነጭ ሆኖ ቆየን፤ ጅባራዎቹም ቅጠላቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ዘግተው ነበር።

ፀሐይ ሲሞቅ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ እየወጡ ሜዳውን ሞሉት። ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ የሚበሉት እርሱን ነው። በመካከላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ዝንጀሮዎቹ ቀና ብለውም አላዩት። ተመራማሪዎች እዚህ ጓሳ ላይ እንዳስተዋሉት ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ አንዱን ከፈረስ ላይ ሆኜ ጥርሱ መካከል ያለችውን አይጥ ጭራ ድረስ አየሁት። ባልንጀራዬ ሌንስ ሲቀይር አመለጠው፤ እስከ ማታም አላናገረኝም።

ወደ እኩለ ቀን ገደማ አንድ ሽማግሌ በእግራቸው ደረሱብን። ጠባቂው ቀድሞ ልኮባቸው ኖሯል፤ ማታም የምናድረው እርሳቸው ቤት ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ጎራዴ የሚያህል ከዘራ ይዘዋል፤ ዳገት ላይ ከፈረሶቻችን ይፈጥናሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችንም «ጋሼ» ስንላቸው ነበር።

መጀመሪያ ያየነው ክብ ካብ ከጉብታ ጀርባ ተጠግቶ የተሠራ ነው። ስፋቱ ሁለት ሰው እግር ለእግር ቢጋደም ይበቃል፤ ቁመቱ እስከ ወገብ። ድንጋዩ ያለ ጭቃ ነው የተካበው። ዙሪያውን ስዞር አንድ ነገር ታየኝ፤ በምሥራቅ በኩል በትልልቆቹ ድንጋዮች መካከል ያለው ቀዳዳ ሁሉ በጠጠርና በአፈር ተጠቅጥቋል፤ በምዕራብ በኩል ግን አልተደፈነም። ነፋሱ ከገደሉ በኩል ነው የሚመጣው። በሩም ወደ ምዕራብ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ሰው ትከሻውን አዙሮ ካልሆነ አይገባም። ውስጡ ሦስት ጉልቻ እንደተጎለቱ አሉ፤ አንዱ በእሳት ብዛት ከመካከሉ ተሰንጥቋል። ጠባቂው ገልበጥ አድርጎ ሆዱን አሳየን፤ ጥላሸቱ እስከ ዛሬ ጣት ያጠቁራል። ከዚያ ድንጋዩን መልሶ በነበረበት ጎድጓዳ ውስጥ አስገባው።

ከጎጆው ቀጥሎ ሰፋ ያለ ሌላ ካብ አለ፤ ውስጡ በሳማ ተሞልቷል። ከካቡ ውጭ አንድ እግር ሳማ የለም። ሳማ እበት የጠገበ አፈር ይወዳል፤ ከብት ወይም በግ ለብዙ በጋ ያደረበት መሬት ባለቤቱ ከሄደ ከስንት ዘመን በኋላም ሳማ ያበቅላል። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ ከሩቅ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ባየን ቁጥር ወደዚያ ዞርን፤ ካቡ ሣር ውስጥ ተቀብሮ እንኳን ቢሆን በረቱን ሳማው ይነግረናል።

«የግራኝ ዘመን ሰፈር ነው የሚሉ አሉ» አለ ጠባቂው። በአገራችን ባለቤቱ ያልታወቀ ድንጋይ ሁሉ ወይ የግራኝ ነው ወይ የጣሊያን፤ ሦስተኛ አማራጭ ያለ አይመስልም። ጋሼ ሳቁ።

«የግራኝ ነው? ይኼን በረት አባቴ ሲያድስ እኔ ድንጋይ አቀብያለሁ።»

እኔም የልቤን ጠየቅኋቸው፤ ግድግዳው መቼ ፈረሰ? የላይኛው ድንጋይስ የት ሄደ?

«አልፈረሰም ልጄ። ሲሠራም እስከዚህ ነው የተሠራው። ከዚህ በላይ አጣናና ሣር ነበር። እርሱን ይዘነው ወረድን።»

ካቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የሣር መጠበቂያ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን ይዘው ለዘራቸው አወረሱ፤ በዘር ሐረግ ወደ እነርሱ የሚደርስ ሰው ነበር ሣሩ የሚደርሰው። በሁለቱም ወገን ሕዝቡ አለቃ ይመርጥ ነበር። አለቆቹ ሜዳውን ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ጎበዝ የተባለ ሁሉ በተራ ይጠብቃል። ሣሩ ሲደርስ፣ ወይም ድርቅ ሆኖ የታችኛው ግጦሽ ሲያልቅ፣ ተመክሮበት በበጋው ይከፈታል። መጀመሪያ ለማጭድ ነው፤ ሰው ለቤቱ ክዳን ያጭዳል። ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ በሐምሌ አቦ ይዘጋል።

«ቤቱ ሩቅ የሆነ ሰው ከብቱን በየቀኑ ማመላለስ አይችልም፤ እዚህ ያድራል። አጣናውን በአህያ ጭነን እንመጣለን፣ ካቡ ከበፊቱ አለ፣ ሣር ጣል ይደረግበታል፣ በቃ። አቦ ሲደርስ አፍርሰን እንወርዳለን። እንጨት እዚህ ብርቅ ነው፣ የሚተው አይደለም። ደግሞ ጣሪያ ትቶ የወረደ ሰው ልመለስ አስቧል ተብሎ ይጠረጠራል። የአቦ ዕለት ጭስ የታየበት ሰው ወዮለት።»

ይህን ስሰማ ጠዋት ሳየው የነበረው ነገር ሁሉ ተገለበጠብኝ። ፍርስራሽ ብዬ ልጽፍለት የመጣሁት ካብ አንድም ድንጋይ አልጎደለበትም። ቤቱ ተትቶ አልፈረሰም፤ ሣሩ በተዘጋ ቁጥር በቀጠሮ ነበር የሚነሣው። በየጉብታው ጀርባ ያሉት እነዚህ ወገብ የሚደርሱ ክቦች ሕግ ሲከበር ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ናቸው። እኛ ጮቄ ላይ ያጣነው ይህንኑ ይመስለኛል። ሣሩ መቼ እንደሚከፈት ሳይሆን መቼ እንደሚዘጋ የሚናገር ሰው ነው ያጣነው። አባቴ ስለ መውጣቱ እንጂ ስለ መውረዱ ሲያወራ አልሰማሁም።

በጋሼ ቤት፣ የዓርብ ሌሊት

ቤታቸው ከጥብቁ ዳርቻ ወጣ ብሎ ነው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ጓሳ፤ ክዳኑ ከውስጥ ሲታይ በኩበት ጭስ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። በጎቹ በር አጠገብ፣ በካብ ከተከለለ ጋጣ ውስጥ ናቸው፤ ሰዎች በመደብ ላይ። የበጎቹ ሙቀት ከምድጃው ሙቀት አይተናነስም፤ ሽታውን ከገባን ጥቂት ቆይተን ረሳነው።

ዓርብ ነበርና እራቱ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ከጎኑ በውኃ የተበጠበጠ ተልባ። እማማ ጎንበስ ብለው ሳህኑን እያዩ «በሞቴ አልበላችሁም፣ በሞቴ» እያሉ እንጀራ ይደርባሉ። ከአስተርእዮ የተረፈ ጠላ ነበራቸው፤ ኮምጠጥ ብሏል፣ ጋሼ ግን የሚወዱት እንደዚያ ሲሆን ነው። የሳማው ነገር ሲነሣ እማማ አመድ ያዘለ እጃቸውን አራግፈው፣ በክፉ ቀን ሳማ በገብስ ዱቄት ተቀቅሎ ስንቱን ልጅ እንዳሳደገ ነገሩን። የበረቱ ሳማ ከመንገድ ዳሩ ይልቅ ለምለም ስለሆነ ሴቶች ወደዚያ ይወጡ ነበር አሉ።

ባልንጀራዬ ካቦቹ በአጥር ተከልለው፣ ቅርስ ተብለው መመዝገብ አለባቸው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ጋሼ እስኪጨርስ ጠብቀው «አጥሩን በምን ድንጋይ ትሠራዋለህ?» አሉት። ድንጋይ ካለቀበት ሜዳ ላይ ለአጥር የሚሆነው ራሱ ቅርሱ ነው። እኔ በመሃል ነኝ፤ አጥሩ ይቅር፣ ቦታቸው ግን በካርታ ላይ ቢነጠብ ክፋት የለውም። አንድ ጊዜ መንገድ ሠሪ ወይም ቤት ሠሪ ካገኛቸው እንደ እኛው ጮቄ ነው የሚሆኑት።

በፈረሱ ኮርቻ ላይ የተውነው የውኃ ፕላስቲክ ጠዋት ውስጡ በረዶ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር አልተቀበሉንም። ይዘን የሄድነውን ቡናና ስኳር ለእማማ ሰጠን፤ እርሱንም የተቀበሉት ቡናው ተፈልቶ እኛው ካልጠጣን በሚል ውል ነው።

የጓሳ ጫፍ፣ ቅዳሜ ጥር 25

ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድን። ሰማዩ ሲጠራ ከሥር ቆላው፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ እንደተዘረጋ ይታያል። ከዚህ የሚነሣው ውኃ ሁለት ጌታ አለው፤ በምዕራብ የወረደው ወደ ዓባይ፣ በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሣሩ ዝናቡንና ጉሙን አቁሮ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ እግራችን ሥር መሬቱ በጥርም እርጥብ ነበር።

እዚያው አጠገብ ከሌሎቹ የማይመስል ካብ አገኘን። አራት ማዕዘን ነው። ድንጋዩ በጭቃ ተመርጓል፣ ግድግዳው ከሰው ቁመት ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ በአንድ ማዕዘን በኩል ግን ተንዷል። ለመስኮት የሚሆን ክፍት አለው፤ ከበሩ ፊት ለፊት የአመድ ክምር ሣር ለብሶ ይታያል። ከቤቱ ጎን ያለው መሬት የትልሙ መስመር አልጠፋም። በትልሙ ላይ ጓሳ አልተመለሰም፤ ነጣ ያለ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ነው የወረሰው።

ጋሼ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ይህ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጣ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በዚያ ዓመት የካቲት ወጣ፤ ርስት ቀረ፣ ከርስቱ ጋር የአስቦና የጌራ ልጆች መብትም፣ የቄሮው አለቃም ቀረ። መሬት የሁሉ ሆነ፤ ሁሉም ገባበት። በድሮው ሥርዓት ምንም ድርሻ ያልነበረው ድኻ ያን ጊዜ ሣር አገኘ፤ እርሳቸውም ይህን አልካዱም።

«እኛም ተጠቅመናል፣ ልጄ፤ ያልገባ የለም። ግን የሚያስወጣ አልነበረም። አቦ ሲደርስ ማንም አልወረደም።»

የሄደው ሣር ለመመለስ ብዙ ዓመት ወሰደ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ኮሚቴ መረጠ፣ ጠባቂ አቆመ፣ ቦታውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተባለ። ዛሬ ድርሻው በዘር አይቆጠርም፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች በወኪሎቻቸው ይመክሩበታል። ማጭዱ እንደ ድሮው በቀጠሮ ነው። አራት ማዕዘኑ ቤት የማን እንደነበር ጠየቅኋቸው፤ ያውቃሉ፣ አልነገሩኝም። «ልጆቹ አሉ» ብለው ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ድንገት ወጣና ሁሉንም ነገር ሸፈነው። ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ የሚታይ አልነበረም። ጠባቂው ከሁላችን ቀድሞ ወርዶ በፉጨት ሲመራን የባልንጀራዬ ፈረስ ልጓሙን አስለቅቆ ሄደ፤ ኮርቻው ላይ የሌንሱ ቦርሳ ነበረ። ጋሼ ምንም አልተጨነቁም። ጉም ሲወርድ ሰው መንገድ ይጠፋዋል፣ ፈረስ ግን አይጠፋውም አሉ። እንዳሉትም ሆነ፤ እኛ በሰው ፉጨት ስንደናበር ቆይተን ስንደርስ ፈረሱ የባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ገለባ ይበላል፣ ቦርሳውም በቦታው አለ። ባለፈረሱ ግን ፈረሱ ብቻውን የተመለሰበትን ጉዞ እንደ ተጨማሪ ሥራ ቆጥሮ 50 ብር ጨምሩ አለ። ተከራክረን በ30 ጨረስን።

መልስ፣ እሑድ ጥር 26

ጋሼን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘናቸው ከቅዳሴ መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ነው። ወሬው የዘንድሮው ሣር ነበር። አንዱ ደርሷል ይላል፣ አንዱ ገና ነው፣ አንዱ ደግሞ የእርሱ ቤት ክዳን እስከ ክረምት አይቆይም ብሎ ይማጠናል። ጋሼ የሚከፈተው የወኪሎቹ ጉባኤ ሲስማማ ነው ብለው ዘጉት፤ ወደ እኔ ዘወር ብለው ግን ማጭዳቸውን እንዳስሞረዱ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚመለሰው አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ሃያ የሚሆኑ በጎች እግራቸው ታስሮ ተጭነዋል። ዋጋቸውን ባለቤቱን ጠየቅሁት፤ መሃል ሜዳ 1,800 የገዛውን አዲስ አበባ ሲደርስ ከ3,000 በታች አልሰጥም አለኝ። ለአንድ በግ የሚከፍለው የመጫኛ 40 ብር ነበር፤ እኔ 80 ከፍዬ ወንበር የለም ተብዬ ሞላሌ ድረስ ቆሜ ሄድኩ። ከሞላሌ በኋላ አንድ ወንበር ተለቀቀ። ከበላዬ ያሉት በጎች ግን ዳገት በመጣ ቁጥር በመስኮቴ በኩል ይሸኑ ነበርና እስከ ታርማ በር ድረስ መስኮቱን የመክፈትና የመዝጋቱን ሥራ ከአጠገቤ ካሉት እናት ጋር ተራ ገባን።